ወደ የረር የወሰዱን ሲስተር አስካለ

የሲስተር አስካለን ማረፍ የሰማሁት በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ውሃ መጣ፣ ውሃ ሄደ፣ መግቢያውን የዘጋው የማን መኪና ነው የሚባልበት ግሩፕ። ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ካለው መሥሪያ ቤቴ ለምሳ ልወጣ ስል ስልኬን ከፈትኩ። «ዛሬ ውሃ እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው» ከሚለው መልእክት ሥር «ግራውንድ ላይ የሚኖሩት ሲስተር አስካለ አርፈዋል፤ ቀብራቸው ነገ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ቦርሳዬን መልሼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት።

«ዘመድሽ ናቸው?» አለችኝ አጠገቤ የምትሠራው ልጅ።

«ጎረቤቴ ናቸው» አልኳት። ቃሉ አነሰብኝ። ሌላ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም።

ለቅሶው ላይ ሁሉም የየራሱን ሲስተር አስካለ ያወራ ነበር። አንዷ ልጇ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ ነጠላ ጫማቸውን እንኳን ሳያደርጉ ደረጃውን እየዘለሉ እንደመጡላት ተናገረች። አንዱ መርፌ የሚፈራ ሽማግሌ፣ ወሬ አስጀምረውት መቼ እንደወጉት እንዳላወቀ አነሳ። እኔ አዳመጥኩ። የእኔ ረዘም ይላል።

አጭር፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። ሲራመዱ ሁለት እጃቸውን ከኋላ ያጣምራሉ። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ባሌና አርሲ ገጠር ውስጥ በነርስነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። በክትባት ዘመቻ ጊዜ የመድኃኒቱን ሳጥን በትከሻቸው አንግተው መኪና የማይገባበት ቀበሌ ሁሉ በእግራቸው ይደርሱ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ምድር ቤት ገቡ። ባልም ልጅም አልነበራቸውም። በራቸው ቀኑን ሙሉ ገርበብ ብሎ ይውላል፤ ደም ግፊቱን መለካት የፈለገ፣ ቁስሉን ማሳጠብ የፈለገ ሰተት ብሎ ይገባል።

ሰው ሲያናግሩ የእጁን አንጓ ይይዛሉ። እኛ ልጆቹ ፍቅር ብቻ ይመስለን ነበር። በኋላ ነው የልብ ምት እየቆጠሩ መሆኑ የገባኝ። ስጠይቃቸው ሳቁ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው። አፍ የፈለገውን ይላል፤ ይሄ ግን መዋሸት አያውቅበትም።»

እኔን ያገኙኝ ደረጃ ላይ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ወፍራም ነበርኩ፤ ቤታችን ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው። ከትምህርት ቤት ስመጣ ሁልጊዜ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እቀመጥና ትንፋሼ እስኪመለስ ስልክ የማይ እመስላለሁ።

«ምሕረት፣ ምን እያየሽ ነው?» አሉኝ አንድ ቀን ከላይ ሲወርዱ።

«መልእክት ነው፣ ሲስተር።»

«ስልኩ እኮ ጠፍቷል።»

እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው አስገቡኝና ማዳመጫቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ፈራሁ።

«ልብሽ ምንም የለበትም» አሉ ማዳመጫውን ከጆሯቸው እያወጡ። «ሥራ ፈቶ ነው።»

ከዚያ በየፎቁ እየቆምን አራተኛ ፎቅ ድረስ አብረውኝ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ የእናቴን የተሰጣ ልብስ ገለጥ አድርገው በምሥራቅ በኩል የቆመውን ሰማያዊ ተራራ አሳዩኝ።

«ያ ማን ይባላል?»

«እንጃ።» ልብስ ሳሰጣ በየቀኑ አየዋለሁ። ስም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«የረር ነው። ስንት ዓመት ፊት ለፊትሽ ቆሞ ስሙን እንኳን አልጠየቅሽውም!» አሉ፤ በእኔ ሳይሆን በተራራው ፈንታ የከፋቸው ይመስሉ ነበር።

በሳምንቱ ደረጃው ግርጌ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ። «የብሎካችን ወጣቶች፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ወደ የረር ሄደን አንድ ሌሊት አድረን እንመለሳለን። መራመድ የማይችል ይመረጣል።»

እናቴ ወረቀቱን አንብባ ገና ሳልጠይቃት «አይሆንም» አለች። እናቴ ሆሳዕና ያደገች፣ በጸሎትና በሥርዓት የምታምን ሴት ናት። ሲስተር ቤታችን መጡ።

«ሲስተር፣ አከብርዎታለሁ» አለች እናቴ። «ግን ሴት ልጅ ውጭ አታድርም።»

«የምሕረት እናት፣ እኔስ ምንድን ነኝ? ሃያ ዓመት ውጭ ያደርኩት ወንድ ሆኜ ነው?»

«እርስዎ ሥራ ላይ ነበሩ።»

«እሷም ሥራ አላት። ልቧን ሥራ ልናስይዝ ነው።»

እናቴ ሳቋ አመለጣት። ያን ቀን እሺ አላለችም። ሲስተር ግን ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ሴቶቹ የሚያድሩበትን ቤት፣ የባለቤቱን ስም፣ የቀበሌውን ፈቃድ አንድ በአንድ አስረዷት። በሦስተኛው እናቴ የራሷን ብርድ ልብስ አጣጥፋ ሰጠችኝ።

ስድስት ቅዳሜ ተለማመድን። ሁለት ሁለት ጠርሙስ ውሃ በደብተር ቦርሳ ተሸክመን ከሰሚት እስከ ጎሮ እየሄድን እንመለሳለን፤ ታክሲ ተራ ላይ ያሉት ረዳቶች «ታክሲ አለ እኮ!» እያሉ ይስቁብናል። ሲስተር ስለ ተራራ ምንም አያወሩም። ወሬያቸው ሁሉ ስለ እግር ነው። ጥፍራችሁን ቁረጡ። ካልሲያችሁን ገልብጣችሁ አድርጉ፣ ስፌቱ ጣታችሁን እንዳይፍቀው። ተረከዛችሁን በደረቅ ሳሙና እሹት። «ተራራ የሚያሸንፈው ሰው የለም፤ ጫማ ነው ሰውን የሚያሸንፈው» ይሉ ነበር።

አሥራ ሁለት ሆነን ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ተገናኘንና በኮንትራት ሚኒባስ ሄድን። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲያልቅ ወረድን። እዚያ ነው ደንባቸውን የነገሩን፤ ሁሉም የሚሄደው ቀርፋፋው ከፊት ሆኖ ነው።

«ምሕረት፣ ነይ ከፊት።»

ፊቴ በእፍረት ጋለ። ከኋላዬ ናትናኤል ነበር፤ ናቲ እንለዋለን። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጂም ይሠራል፣ ለጉዞው ብሎ አዲስ ጫማ ገዝቷል። የረር ጫፍ ላይ ቪዲዮ ለመቅረጽ ነበር የመጣው።

«በዚህ አካሄድ ለፋሲካ እንደርሳለን» ይላል በረጅሙ እየተነፈሰ።

«ፋሲካን ከላይ ማየት እንዴት ደስ ይላል» ይሉታል ሲስተር ከመጨረሻ ሆነው።

ማታ ያረፍነው ከተራራው እግር ከፍ ብሎ ባለው የኦቦ ቶለሳ ግቢ ነው። ሲስተር አርሲ ሳሉ የሚያውቋቸው ሰው የወንድም ልጅ ነው፤ ቁጥብ፣ አንድ ዓይኑ የታመመ ገበሬ። ሲስተር ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ዓይኑን ገልጠው አዩለት። በኦሮምኛ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ የወጣትነታቸው ድምፅ ይመስለኛል። ሴቶቹ ቤት ውስጥ፣ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ በተወጠረ ሸራ ሥር አደርን። እግሬ ይጠዘጥዘኛል፤ ግን አንድም ቦታ ውሃ አልቋጠረም፣ አልተላጠም። በዕድሜዬ እንደዚያ የተኛሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ናቲና ጓደኛው ብሩክ መጡ።

«ስሚ፣ እኛ ቀድመን ወጥተን ቪዲዮ ቀርጸን እንመለሳለን። በዚያ በጥዱ በኩል አቋራጭ አለ። ለሲስተር እንዳትነግሪ፣ እሺ?»

ናቲ ከዚያ በፊት አናግሮኝ አያውቅም። «እሺ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ቁርስ ሲቀርብ ጉም ወረደ። መጀመሪያ የተራራውን ጫፍ ዋጠ፣ ቀጥሎ ጥዱን፣ ቀጥሎ የኦቦ ቶለሳን አጥር። ሲስተር ሁለት ሰው መጉደሉን አዩ። እያንዳንዳችንን ጠየቁ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ እጄን ያዙ።

«ምሕረት፣ እነ ናቲ የት ናቸው?»

«አላውቅም።»

አልተቆጡም። ጣታቸው አንጓዬ ላይ እንዳለ ቆሙ፤ ዓይናቸው ወደ ጉሙ ነው።

«ልጄ፣ ልብሽ እየሮጠ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ያን ጊዜ ለቅሶው መጣ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሄዱ አንድ ሰዓት እንደሆናቸው፣ በጥዱ በኩል እንደሆነ። «ቃል ገብቼ ነው» እያልኩ እንሰቀሰቃለሁ።

«ጥሩ» አሉ ሲስተር። «ካሁን እንጀምር።»

ወደ ኦቦ ቶለሳ ዞሩና በኦሮምኛ ጠየቁት። መልሱን ባልሰማውም ፊቱ ነገረኝ። በዚያ በኩል ገደል ነው። እሱና አንድ ጎረቤቱ ዱላቸውን ይዘው ጉሙ ውስጥ ገቡ። ልጆቹ ሁሉ አብረን እንሂድ ብለው ተነሡ።

«ማንም ከዚህ ግቢ አይወጣም» አሉ ሲስተር። እንደዚያ ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም። «ሁለት የጠፋ ይበቃል።»

ከቤት ድስትና መጥበሻ አስወጡ። በየተራ እየደበደብን የሁለቱን ስም እንድንጠራ፣ ከዚያ ደግሞ ሁላችንም ጸጥ እንድንል አዘዙን። አንዱ ልጅ ፈርቶ ያለማቋረጥ ሲደበድብ መጥበሻውን ከእጁ ቀስ አድርገው ወሰዱ።

«ከጠራን በኋላ ዝም ማለት አለብን፣ የኔ ልጅ። ሲመልሱ ማን ይሰማቸዋል?»

እንዲህ ሆነን ምናልባት ሁለት ሰዓት ቆየን። እንጠራለን፣ ዝም እንላለን። ዝምታው ከጩኸቱ ይከብድ ነበር። በአንዱ ዝምታ መካከል ከሩቅ ፉጨት ተሰማ። ቀጥሎ ኦቦ ቶለሳ ናቲን በጀርባው አዝሎ ከጉሙ ወጣ፤ ብሩክ ደግሞ የናቲን አዲስ ጫማ ታቅፎ ከኋላው።

ናቲ እርጥብ ሣር አንሸራትቶት ተንከባሎ፣ ገደሉ አፍ ላይ ሳይደርስ ቁጥቋጦ ይዞት ነው የተረፈው። የድስቱን ድምፅ ሰምተው፣ ሰው እንደሚፈልጋቸው አውቀው፣ ካሉበት ሳይንቀሳቀሱ ጠበቁ። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ተጣሟል። ሲስተር ተንበርክከው በጣታቸው ዳበሱት። ሁለት እንጨት አስመጥተው በነጠላቸው አሰሩለት። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ «ይሄ ጋ ያምሃል? ይሄ ጋስ?» ብቻ። ናቲ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

አስረው ሲጨርሱ ተነሥተው ከቤቱ ጀርባ ሄዱ። ውሃ የሚፈልጉ መስሎኝ ጣሳ ይዤ ተከተልኳቸው። ጭድ ክምሩን ተደግፈው ያስመልሳቸው ነበር። ጣሳውን ተቀብለው አፋቸውን ተጉመጠመጡና ዓይኔን አዩኝ።

«ይሄን ግን አትንገሪ» አሉ።

እስከ ዛሬ አልተናገርኩም ነበር።

ጫፉን ሳናይ ተመለስን። ሲስተር ናቲን በመንገድ ላይ ሐኪም ቤት አስገብተው ጀሶ አስደረጉለት። ብሎካችን ስንደርስ የናቲ አባት ጋሽ ደምሴ በር ላይ ቆመዋል። ሃያ ሁለት ሰፈር የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው፣ ግዙፍ፣ ድምፃቸው አራተኛ ፎቅ የሚሰማ ሰው ናቸው። የልጃቸውን እግር ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄን ገደል ልትከቺው ነው የወሰድሽው?» አሉ። በሰው ሁሉ ፊት፣ በዕድሜ የሚበልጧቸውን ሴት አንቺ አሏቸው።

ሰዉ ከየኮሪደሩ አንገቱን አስግጓል። ሲስተር እጃቸውን ከኋላ እንዳጣመሩ ቆሙ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አቶ ደምሴ። ልጆቹን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ማየት የነበረብኝም እኔ ነኝ።»

ናቲ መሬት መሬት አየ። እኔም ጫማዬን አየሁ። ሁለታችንም አንድ ቃል አልተነፈስንም።

ከዚያ በኋላ ብሎካችን ሲስተርን ተወ። ማንም በግልጽ አልሰደባቸውም፤ ብቻ መምጣቱን አቆመ። ግፊቱን ሊለካ የሚመጣው ሁሉ ሐኪም ቤት ሰልፍ መያዝ ጀመረ። እናቴ እንኳን «ለትንሽ ጊዜ ራቅ በይ» አለችኝ። ገርበብ ብሎ ይውል የነበረው በር ተዘጋ። እኔ በዚያ በር ፊት በቀን ሁለት ጊዜ አልፋለሁ። በነገራችን ላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መቀመጥ አቁሜ ነበር፤ አራተኛ ድረስ ሳላርፍ እወጣለሁ። ይህን ለሲስተር መንገር ፈልጌ ሳልነግራቸው ወራት አለፈ።

የገና በዓል ሲደርስ ዝም ማለቱን አልቻልኩም። ናቲን ደረጃ ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ለአባትህ እንንገር።»

«አባቴን አታውቂውም።»

«ሲስተርን ግን አውቃለሁ። አንተ ካልሄድክ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ሄድኩ። ሃያ ሁለት ሰፈር ከታክሲ ስወርድ ናቲ እያነከሰ ከኋላዬ ሲመጣ አየሁት። ጋሽ ደምሴ ለደንበኛ ምስማር እየመዘኑ ነበር። እየተቀባበልን ነገርናቸው፤ መደበቄን፣ መሄዱን፣ ዝም ማለታችንን። ምስማሩን መዝነው ጨረሱ። ደንበኛውን ሸኙ። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ መደብሩን ዘጉና «ግቡ መኪና ውስጥ» አሉን። በቀጥታ ወደ ሰሚት ነዱ።

የሲስተርን በር ያንኳኩት ራሳቸው ናቸው።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«በር ላይ ይቅርታ የለም። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል፣ ላባቸው ይወርዳል። ገና «እኔ ያን ቀን...» ብለው ሲጀምሩ ሲስተር ክንዳቸውን ይዘው እጅጌያቸውን ይጠቀልሉ ጀመር።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ ይቅርታ...»

«ዝም ይበሉ። ሲናገሩ ይጨምራል።»

ያ ግዙፍ ሰው ዝም አለ። የግፊት መለኪያው ጎማ ሲነፋና ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል። ሲስተር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ።

«ይቅርታዎን ተቀብያለሁ። ጨው ግን ይቀንሱ። ነገ ጠዋት ተመልሰው ይምጡ፤ ይሄ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።»

ጋሽ ደምሴ ተነሥተው ትከሻቸውን ሳሟቸው። ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ በዚያ በሚታወቀው ድምፃቸው «ጎረቤት! ስሙኝማ! ጥፋቱ የልጄ ነው!» ብለው ለአምስቱም ፎቅ አሰሙ። ሲስተር በእፍረት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሁሉም ሲሄድ ወደኋላ ቀረሁ።

«ለምን እውነቱን አልተናገሩም ሲስተር?»

«ናቲ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ሰው በአንድ ቀን ሁለት ቦታ መሰበር የለበትም።»

«እኔስ?»

«አንቺንማ እየጠበቅኩ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ አዝኜብሽም ነበር። በሬ ላይ ኮቴሽ ያልፋል፤ ዛሬ ትገባለች እላለሁ፣ አትገቢም።» ከዚያ አንጓዬን ያዙ፤ ቆጠሩ። «ደረጃውን ሳታርፊ ነው የምትወጪው፣ አይደል? ከኮቴሽ ገብቶኛል።»

በዓመቱ እንደገና ወደ የረር ሄድን። ያን ጊዜ የመጣው ሰው ከመጀመሪያው ይበዛል፤ ወላጆች ራሳቸው ናቸው ልጆቻቸውን ያስመዘገቡት። ኦቦ ቶለሳ ዘንድ አደርን፣ ጠዋት በሰፊው መንገድ ወጣን። ናቲ ሁለት አዲስ ልጆችን ካልሲ ሲያስገለብጥ አየሁት። የሲስተር ጉልበት ደክሞ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሙ፣ አብረናቸው ቆምን።

ጫፍ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጩኸት በጩኸት ሆነ። አዲስ አበባ ከታች ተዘርግታለች፤ ቦሌ የሚያርፈው አውሮፕላን እንደ ነጭ ዝንብ ያንጸባርቃል። ሁሉም «ያ ሰሚት ነው! የለም፣ ያ ነው!» እያለ ብሎካችንን በጣቱ ይፈልጋል። ናቲ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ ብሩክ በደስታ ይዘላል።

ዞር ስል ሲስተር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ለከተማዋ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ፊታቸው ወደ እኛ ነው።

«ሲስተር! ያን ሁሉ መንገድ መጥተው ዞር ብለው አያዩትም እንዴ?»

«እያየሁ እኮ ነው» አሉ።

አልዞሩም። ዓይናቸው ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ሄደ፤ ናቲ ላይ ትንሽ ቆየ፤ መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ደረሰ።

«ጃኬትሽን ልበሺ» አሉኝ። «በላብሽ ላይ ነፋስ ይመታሻል።»

ለበስኩ።